ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የደራሲው መሣሪያ

ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ታሪኩን በምን ዐረፍተ ነገር እንደሚጀምር ነው። ከዚህ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች ጥያቄዎች ግን አሉ። ከእኔ በፊት ምን ተጽፏል? ሰዎቼን ከወዴት አመጣቸዋለሁ? የምጽፍበትን ቋንቋ የሚናገረው ማን ነው? ሥራው ሲያልቅስ ማን ያትመዋል፣ ማንስ ያነበዋል? በእኛ ሙያ ድልድይ ሊሠራ የተነሣ ሰው የወንዙን ስፋት፣ የአፈሩን ጠባይ፣ የድንጋዩን መገኛና የመዳረሻውን መንገድ ሳያጠና ንድፍ አያወጣም። በድርሰት በኩል ግን ይህ ጥናት እንደ ትርፍ ነገር ስለሚቆጠር በጥሩ ስሜት የተጀመረ ብዙ ጽሑፍ ከሦስተኛው ምዕራፍ ሳያልፍ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ልብ ወለድ ለሚጽፉና ለመጻፍ ለሚያስቡ ባልደረቦች የሚረዳ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ምክርን በተራ ቁጥር ከመደርደር ይልቅ ከላይ የተጠቀሱትን ጥያቄዎች በሥራ የመለሱትን የአንድ ሰው ሕይወት መተረኩ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። እኒህ ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከጠላት ወረራ በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደ ነበሩና ብዙ መጻሕፍት እንደ ጻፉ ነው። ስለ ሹመታቸው በሌላ ቦታ በሰፊው ተጽፏል፤ በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው የመንግሥት ሥራ ተሸክመው፣ ቤተ መጻሕፍት በሌለበትና አንባቢ በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ እንዴት ደራሲ ሊሆኑ እንደ ቻሉ ነው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለው ስፍራ ተወለዱ። መርሐ ቤቴ በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ በስተምዕራብ፣ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠ አምባ መሳይ አገር ነው። ከደቡብ የሚመጣ መንገደኛ ገደል ወርዶ፣ በቆላው ሙቀት ተቃጥሎ፣ ጀማን ተሻግሮ፣ እንደገና አቀበት ወጥቶ ነው የሚደርስበት። ዛሬ ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በመኪና የሚጓዝ ሰው እንኳ የዚያን ሸለቆ ጥልቀት በጆሮው ድንቁርናና በፍሬኑ ሽታ ያውቀዋል። ይህን ያነሣሁት የመንገድ ነገር ስለሚጥመኝ ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለ አገር ለሚያድግ ልጅ የሩቁ ዓለም ወሬ የሚደርሰው ከወንዝ ማዶ በመጣ ሰው አፍ ነው፤ መጽሐፍም ተበታትኖ በየደብሩና በየገዳሙ ዕቃ ቤት ይገኛል እንጂ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይታይም። ኅሩይ በኋላ የተበተነውን ለመሰብሰብ ያሳዩት ትጋት ከዚህ አስተዳደግ ጋር ግንኙነት ያለው ይመስለኛል።

እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። በተለይም በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ያገኙት ትምህርት ለዕድሜ ልካቸው መሠረት ሆናቸው። በዚያ ዘመን እንጦጦ ከአዲስ አበባ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ የነበረ ቦታ እንደ መሆኑ መጠን፣ አንድ የደጋ ተማሪ ከግዕዝ ንባብና ከቅኔ ጋር የቤተ መንግሥትን ሥራ፣ የመልእክተኛውንና የባለጉዳዩን መመላለስ በቅርብ የሚያይበት ነበር። ኅሩይ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጡ ሰው አልነበሩም። የኋላ ዕውቀታቸው የተገኘው ከመጽሐፍ፣ ከሥራና ከጉዞ ነው። ዲግሪ የሌለው ሰው ደራሲ ሊሆን አይችልም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ወይም በተቃራኒው ዲግሪ ስላለኝ እጽፋለሁ የሚል ካለ፣ ሁለቱም ይህን ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ በደጃዝማች ካሣ የሚመራው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ወደ ሎንዶን በሄደ ጊዜ ኅሩይ አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በተከታተለው ዓመት የሠሩት ሥራ ነው ለዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን፣ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ይህንኑ አስፋፍተው በካታሎግ መልክ እንደገና አወጡት። በአገራችን ሰው ተዘጋጅተው ከታተሙት የመጻሕፍት ዝርዝሮች ቀደምት የሚባለው ይኸው ነው።

ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ካታሎግ ምን ያደርግልኛል ይል ይሆናል። ነገሩን ከሥራችን አንጻር ብንመለከተው ግን ግልጽ ነው። ማንኛውም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በመጋዘን ያለው ዕቃ ይቆጠራል። ያልቆጠረ ሰው ያለውን እንደሌለ አድርጎ በድጋሚ ይገዛል፤ የሌለውን ደግሞ እንዳለ ቆጥሮ በመካከሉ ሥራ ያቆማል። ኅሩይ የራሳቸውን ትልልቅ ድርሰቶች ከመጻፋቸው ከብዙ ዓመት በፊት የአገሪቱን የጽሑፍ ዕቃ ቆጥረው መዘገቡ። ከዚህ ቆጠራ የተረዱት ነገር በኋላ ሥራቸው ላይ ይታያል። ትርጓሜ፣ ድርሳን፣ ገድልና ታሪከ ነገሥት በብዛት አለ፤ ተራው ሰው በቀላል አማርኛ የሚያነበው፣ ስለ ዛሬ ኑሮ የሚናገር መጽሐፍ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከመጻሕፍታቸው አብዛኛዎቹ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተጻፉ ናቸው።

የዛሬው ጀማሪ ደራሲ እንዲህ ያለውን ቆጠራ ከባዶ መጀመር አያስፈልገውም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በስድስት ኪሎ ያለው ቤተ መጻሕፍት፣ የቆዩ ጋዜጦችና የመጀመሪያ እትም ልብ ወለዶች የሚገኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ልብ ወለድ ልጽፍ ነው የሚል ባልደረባ በአንዱ ቦታ ጥቂት ቅዳሜዎችን ቢያሳልፍና ሊጽፈው ባሰበው ጉዳይ ላይ ከእርሱ በፊት የተጻፈውን በደብተር ቢመዘግብ፣ ሁለት ዓመት ደክሞ ሌላ ሰው ከ40 ዓመት በፊት የጨረሰውን ታሪክ ከመድገም ይድናል።

ኅሩይ በመንግሥት ሥራ ከፍ እያሉ ሄዱ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በኃላፊነት ሠሩ፤ ቆየት ብሎም በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ከዚያም ወደ ውጭ ጉዳይ ሥራ ተዛወሩ። እነዚህ ሥራዎች ከብዕር የሚያርቁ ይመስላሉ። ነገር ግን የከተማ አስተዳደርና የፍርድ ቤት ችሎት የሰውን ጠባይ ከማሳየት በኩል የሚወዳደራቸው ትምህርት ቤት የለም። ባለጉዳይ ነገሩን የሚያቀርበው በጉዳዩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቁጭቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ምስክርም ያየውን ሳይሆን ሊባል የሚገባውን ይናገራል። በተለይ በእኛ አገር ችሎት ቆሞ በምሳሌና በተረት መሟገት እንደ ጀግንነት ይቆጠር ስለ ነበር፣ ጆሮ ላለው ሰው የአማርኛ አነጋገር በሙሉ ኃይሉ የሚሰማበት ቦታ ነበር። ከማኅበራችን አባላት መካከል በሥራ ተቋራጭና በአሠሪ ክርክር ላይ የተቀመጡ፣ ከገበሬ ጋር ስለ መሬት ካሣ የተነጋገሩ፣ ከግንበኛና ከአናጢ ጋር ስለ ቀን ሒሳብ የተሟገቱ ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ያልተሠራበት የድርሰት ማዕድን ነው።

በ1910 ዓ.ም. ሁለት ትንንሽ ሥራዎች አወጡ። አንዱ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለው ነው፤ ሁለተኛው የልቅሶ ዜማ ግጥም ሲሆን፣ ርእሱ እንደሚያመለክተው ለልቅሶ የሚባለውን ግጥም ከመጻሕፍት ምሥጢር ጋር ለማስማማት የታሰበ ነው። ሰው በየመንደሩ ሲሞት የሚባለውን፣ በቃል የሚወርደውን ነገር ለብዕር የሚገባ አድርጎ መቁጠር በዚያን ጊዜ ቀላል እርምጃ አልነበረም። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደምትንና የኋለኞችን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳተሙ። ቅኔ የሚቀኝ ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገርን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውንም በታች መሰወርን ይለምዳል። ልብ ወለድ ጸሐፊም ሰውየው በአፉ የሚለውንና በልቡ የያዘውን ለየብቻ ማስኬድ ካልቻለ የሚጽፈው ንግግር ሁሉ እንደ ማመልከቻ ይደርቃል።

በ1915 ዓ.ም. የወጣው «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ለልብ ወለድ ደራሲ የተጻፈ ባይሆንም፣ ለእርሱ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የብዙ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት በአጭር በአጭሩ የሰበሰበና በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን የታሰበ ነው። ስም፣ ትውልድ፣ ሹመት፣ ሙያ፣ አሟሟት፤ እነዚህ ሁሉ በጥቂት መስመር ተጨምቀው ሲቀርቡ አንባቢው ሳያስበው የአንድን ዘመን ሰዎች በዐይኑ ፊት ተሰልፈው ያያል። ባለታሪኮቹ ሁሉ አበበና ከበደ የሚባሉ፣ አባታቸው የማይታወቅ፣ በምን እንደሚተዳደሩ የማይነገር ልብ ወለድ ስናነብ የሚጎድለው ይኸው የኅሩይ ዐይነት መዝገብ ነው። እኔ በበኩሌ እያንዳንዱ ዋና ሰው ታሪኩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያለ የግማሽ ገጽ የሕይወት ታሪክ ሊጻፍለት ይገባል እላለሁ፤ ከግማሽ ገጹ አብዛኛው በመጽሐፉ ውስጥ ባይገባም እንኳ ሰውየው ሲራመድ ክብደት ይኖረዋል።

ስለ ቀድሞው ዘመን ለሚጽፍ ሰው ይህን የመሰሉ ሌሎች ምንጮችም በኋላ ተጨምረዋል። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. ወጥቶ የቀድሞውን የሹመት፣ የርስትና የግብር ሥርዓት በዝርዝር አቅርቧል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዘመን ታሪክ በ1959 ዓ.ም. ታትሟል። ታሪኩን በመንዝ ሊያደርግ ላሰበ ሰው ደግሞ ዶናልድ ሌቪን የተባሉት አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ስም ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ የመንዝን ገበሬ ኑሮና ጠባይ ያጠኑበት ክፍል አለ። በሁሉም ነገር ከሊቁ ጋር መስማማት ግዴታ አይደለም። የመንዝ ሰው ራሱ አንብቦ የሚከራከርበት መጽሐፍ ነው፤ ክርክሩም ለደራሲ ጥቅም አለው።

ኅሩይ በሄዱበት ሁሉ ያዩትን ይጽፉ ነበር። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው ከሚመራው መልእክተኛ ጋር አውሮፓንና አሜሪካን አዩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ሄደው የጉዞውን ታሪክ «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ አወጡት። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን አሳተሙ፤ ይህም መጽሐፍ በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተመልሷል። የጉዞ መጽሐፎቻቸውን ለአንባቢ የሚስቡት ትልልቆቹ አቀባበሎችና ግብዣዎች ብቻ አይደሉም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው የተደረገው መንገድ፣ የታየው ፋብሪካና ትምህርት ቤት፣ የሕዝቡ አኗኗር፣ ከአገራችን ጋር ሲነጻጸር የታሰበው ሁሉ ይመዘገባል። መስክ ወጥተን የቅየሳ ደብተር የምንይዝ ሰዎች ይህን ልማድ እናውቀዋለን። በቦታው ያልተጻፈ ቁጥር በቢሮ አይገኝም። የሰው ፊት፣ የገበያ ሽታና የዝናብ ድምፅም እንደዚሁ ነው፤ ትዝታ ያለሰልሰዋል እንጂ አይጠብቀውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ልብ ወለዱ እንመጣለን። ኅሩይ በዚህ መስክ የመጀመሪያው አልነበሩም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ጦቢያ በመባል የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ቀድሟቸዋል። አፈወርቅ በቃላት የሚጫወቱ፣ አማርኛን እንደ ሐር የሚያልሙ ደራሲ ናቸው። የኅሩይ መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ዐረፍተ ነገራቸው አጭርና ቀጥተኛ፣ ቃላቸውም ዳዊት የደገመ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ለውበቱ ከሆነ አፈወርቅ ይበልጣሉ፤ ይህን የሚክድ አይገኝም። ነገር ግን ጀማሪ ደራሲ አፈወርቅን ለመምሰል ሲነሣ ሳይገባው ያጌጣል፤ ኅሩይን ለመምሰል ሲነሣ ቢያንስ የሚለውን ያውቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያ አስተማሪነት ኅሩይን እመርጣለሁ። ቃል ሲጠፋ ደግሞ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት ከ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድም ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን አለ። በተለይ የሁለተኛው ለገጠር ኑሮ፣ ለእርሻና ለቤት ዕቃ ስሞች እጅግ የጠለቀ ነው። ማረሻውን፣ ድግሩን፣ ሞፈሩንና ቀንበሩን ለይቶ የማያውቅ ደራሲ ገበሬ ባያሳርስ ይሻላል።

የመጀመሪያው የፈጠራ ሙከራቸው «ወዳጄ ልቤ» በ1915 ዓ.ም. ወጣ። የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጥ ሲሆን፣ የእንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ዝነኛ የምሳሌ መጽሐፍ ተጽዕኖ እንዳለበት የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ይናገራሉ። የቡንያን መጽሐፍ አስቀድሞ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር። ከሌላ ሰው ሥራ መነሣት በራሱ ነውር አይደለም። ዋናው የተወሰደው ነገር በአገሩ አፈር መብቀሉ ነው፤ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ወዳጅ መነጋገሩ ደግሞ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አልነበረም።

በመካከሉ ግን ብዙ ደራስያንን የሚያስቆመው ጥያቄ መጣ፤ የማተሚያው ነገር። በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ ሥራቸውም በአብዛኛው የመንግሥትና የሃይማኖት ጽሑፍ ነበር። ኅሩይ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። አንድ ደራሲ ማተሚያ መኪና እስከ መትከል መድረሱ ምን ያህል ነገሩን ከሥሩ እንደያዙት ያሳያል። ከዚህም ማተሚያ ቤት በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ፣ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የተባለው፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም፣ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» የተባለው ልብ ወለዳቸው ወጡ።

ዛሬ ማንም ማተሚያ መኪና እንዲገዛ አይጠበቅበትም። የማተሚያ ዋጋን፣ የወረቀቱን ዐይነት፣ የገጹን መጠን፣ የሚታተመውን ብዛትና የመሸጫውን መንገድ ግን ድርሰቱ ሳያልቅ ማጥናት ይገባል፤ 600 ገጽ ጽፎ ከማተሚያ ቤት በራፍ ላይ ዋጋ ሲሰማ የሚደነግጥ ደራሲ ብዙ አይተናል። እንዲሁም የደራሲውን መብት የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ እንደሚሰጠው ማወቅ፣ ከአሳታሚ ጋር ከመፈራረም በፊት ውሉን ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። የግንባታ ውል አንቀጽ በአንቀጽ የሚያነብ መሐንዲስ የገዛ መጽሐፉን ውል ሳያነብ ሲፈርም ማየት ያሳዝናል።

ወደ ሁለቱ ልብ ወለዶች እንመለስ። የመጀመሪያው ስለ ጋብቻ ነው፤ ዘመኑ ያከራክረው የነበረውን ያለ ዕድሜ ማጋባትን ያነሣል። ሁለተኛው በእኔ ግምት የበለጠ ነው። ዋናው ሰው አወቀ ይባላል፤ የተጉለት ልጅ ነው፤ ማለት ከመንዝ አጠገብ፣ ከደራሲውም የትውልድ አገር ብዙ ሳይርቅ። ለትምህርት ካለው ጉጉት የተነሣ እስከ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። ሲመለስ ግን አገሩ እንደ ተወው ነው፤ እርሱ ግን እንደ ሄደ አይደለም። አባቱ ሲሞት ዘመዶቹ እንደ ልማዱ ትልቅ ተዝካር እንዲደግስ ይጠብቃሉ፤ እርሱ ግን ለታይታ የሚወጣውን ወጪ አይቀበልም። በጋብቻም፣ በአኗኗርም እንዲሁ ከዘመድና ከካህናት ጋር ይጋጫል። መጨረሻው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ተሰብስበው ስለ መሻሻል የሚመክሩበት ጉባኤ ነው።

ይህ ታሪክ የታተመው ኅሩይ ከጃፓን በተመለሱ በዓመቱ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው የገዛ ቤቱን በአዲስ ዐይን ሲያይ የሚሰማውን ነገር ራሳቸው ደጋግመው ያውቁታል። ሆኖም ራሳቸውን ሚኒስትሩን የታሪኩ ባለቤት አላደረጉም፤ ያንን ስሜት ለአንድ የደጋ ወጣት ሰጡት፤ ክርክሩንም በጄኔቭ ወይም በቶክዮ አዳራሽ ሳይሆን በተዝካር ድንኳን አጠገብ አደረጉት። አንድ ሰፊ ሐሳብ፣ ማለትም አሮጌውና አዲሱ ሥርዓት እንዴት ይታረቁ የሚለው፣ ስንት በሬ ይታረድ በሚል የቤተ ዘመድ ጭቅጭቅ ውስጥ ሲገባ ሕይወት ያገኛል። ለጀማሪ ደራሲ ከኅሩይ ሥራዎች አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ጉድለታቸውንም መናገር ያስፈልጋል፤ ዝም ማለት ለእርሳቸውም ክብር አይሆንም። ኅሩይ ታሪክ ከመናገር ይልቅ ማስተማርን ያስቀድማሉ። ሰዎቻቸው ብዙ ጊዜ ሰው መሆናቸውን ረስተው አፈ መምህር ይሆናሉ፤ አወቀ የሚሳሳትበት፣ የሚያፍርበት፣ በልቡም ቢሆን የተዝካሩን ድግስ የሚመኝበት ጊዜ ቢኖር ኖሮ አንባቢው የበለጠ ይከተለው ነበር። ተቃዋሚዎቹም የሚናገሩት በቂ ምክንያት ቢሰጣቸው ክርክሩ ይበልጥ ይከብድ ነበር፤ ድግስ የሚወድ ዘመድ ሁሉ ሆዳም ብቻ አይደለምና፤ ሙታኑን ማክበርና ከጎረቤት ጋር መኖር የሚለውን ቁም ነገርም ይዟል። መጨረሻ ላይ ሁሉም በጉባኤ መፈታቱ ደግሞ ለሹም የሚቀለው መፍትሔ ነው፤ ለሕይወት ግን አይቀልም። ይሁን እንጂ ይህን ስንል ዘመኑን ማስታወስ አለብን። አንባቢው ልብ ወለድ የሚባለውን ነገር ውሸት ነው ብሎ እንዳይጥለው፣ ትምህርት መሆኑን በየገጹ ማሳየት ግድ ይል ነበር። በ1941 ዓ.ም. ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»ን ሲያሳትሙ፣ በአውሮፓ ተምሮ የሚመለሰው ወጣት ከአወቀ ይልቅ ሥጋና ደም ለብሶ ቀረበ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ከልማድ ጋር የሚደረገውን ትግል በሌላ ከፍታ አሳየን። መንገዱን የጠረገው ግን ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ጥርጊያ መንገድ ጠጠር አልለበሰም ተብሎ አይነቀፍም።

ኅሩይ ከ20 በላይ መጻሕፍት አሳትመዋል። ይህን ሁሉ የጻፉት ደመወዝ የሚከፈለው ደራሲ ሆነው አይደለም። ጊዜ የለኝም የምንለው የዛሬ ባለሙያዎች ይህን ስናስብ ማፈራችን አይቀርም፤ ነገር ግን ማፈር ብቻውን ገጽ አይሞላም። የመጻሕፍታቸውን ዓመታት በተራ ስንመለከት አንድ ነገር ይታያል፤ ትልቁን ሥራ ሲጠብቁ ብዕራቸውን አልሰቀሉም። ትንሹን ምክር፣ የጉዞውን ማስታወሻ፣ ዝርዝሩን፣ የሰዎቹን ታሪክ እየጨረሱ እያሳተሙ ሄዱ፤ አንዱ ለሌላው መወጣጫ ሆነ። ልብ ወለዶቹ የመጡት ብዕር ከያዙ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ 50 ዓመት ከሞላቸውም ወዲያ ነው። በ30ዎቹ ዕድሜያችን ያለን ሰዎች ረፍዷል ማለታችን ስለዚህ አያስኬድም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከንግሥተ ሳባ እስከ ዐድዋ ድል የሚደርስ ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ ጽፈው ነበር። መጽሐፉ በመታተም ላይ ሳለ የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስለ ገባ ሳይወጣ ቀረ። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ስደት ሄዱ፤ ለአገራቸው ጉዳይ በውጭ አገር ሲደክሙ ከቆዩ በኋላ በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። የነፃነቱን ቀን አላዩም። አፅማቸው ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሰ። ከልጆቻቸው አንዱ ሲራክ ኅሩይ የእንግሊዛዊውን ሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መልሰዋል። ጦርነቱ በማተሚያው ላይ ያስቆመው የታሪክ መጽሐፍ ግን አንባቢ እጅ ለመግባት 70 ዓመት ያህል ጠብቆ በ1999 ዓ.ም. ታተመ።